ዲሹን የያዘው ሰው

አባቴ ያንን ነገር ሲያነሡበት «ያኔ እኮ ዘመኑ ነው» ይላል። ይህን በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። የትኛው ዘመን? የጣልያን ጊዜ አይደለም፤ የጃንሆይ ጊዜም አይደለም። ሁለት ሺህ አምስት ዓመተ ምሕረት ነው። ቤታችን ውስጥ ፍሪጅ አለ፣ ቆርቆሯችን ጥግ ዲሽ ተሰቅሏል፣ አባቴ ይፍሩ ዲግሪውን በመስታወት አስገብቶ ሳሎን ግድግዳ ላይ ሰቅሏል፤ መሥሪያ ቤቱ ስብሰባ ላይ ስለ እኩልነት ንግግር ያደርጋል። እንግዲህ የሆነውን ልንገራችሁ። ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሁሉንም ነገር በዓይኔ አይቻለሁ፤ አንዱም ግን በትክክል አልገባኝም ነበር።

ቤታችን ታችኛው ከተማ፣ ሲቀላ ነው፣ ከገበያው ጀርባ። ግቢው ውስጥ ያለው ማንጎ ቅርንጫፉን ቆርቆሮው ላይ ጥሎ ተንጋልሏል። ዲሹ ደግሞ ከቤቱ ጥግ፣ ግድግዳው ላይ በተመታ ብረት ላይ ቆሟል። ከሰዓት በኋላ ከአባያ ሐይቅ በኩል ነፋስ ሲነሣ መጀመሪያ ማንጎው ይወዛወዛል፤ ቀጥሎ ዲሹ ይንቀጠቀጣል፤ ቀጥሎ ዜና የሚያነበው ሰውዬ ፊቱ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ሆኖ ይበታተናል፤ አፉ ከአንገቱ በታች ይወርዳል፤ ድምፁ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። በመጨረሻ ሁሉም ድርግም ይልና ሲግናል የለም የምትል ትንሽ ሳጥን ብቻዋን ትቀራለች።

ያኔ እያንዳንዳችን የየራሳችን መድኃኒት ነበረን። አባቴ ሪሲቨሩን በመዳፉ ይመታል። እናቴ ዓለምጸሐይ ሶኬቱን ነቅላ፣ እፍ ብላበት መልሳ ትሰካለች። እኔ የሪሞቱን ባትሪ አውጥቼ በጥርሴ እነክሳለሁ። ሦስታችንም ሲያቅተን እናቴ «በቃ፣ እንድሪያስን ጥሩት» ትላለች።

እንድሪያስ ከእኛ ጥቂት ግቢዎች አልፎ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ወጣት ነበር። በኤሌክትሪክ ምህንድስና ተመርቆ ሥራ እስኪያገኝ የሰፈሩን ዲሽ ያስተካክላል። ቀጭን ነው፣ ሣቂታ ነው፤ ቆርቆሮ ላይ ሲወጣ እንደ ድመት ኮሽታ የለውም።

እሱ ሲመጣ አባቴና አክስቴ ፀዳለ ያንን ባለ ትልቅ ጀርባ ቴሌቪዥን እያቃሰቱ ተሸክመው በረንዳ ያወጡለታል። ሪሲቨሩን እኔ እይዛለሁ፤ ኬብሉ በመስኮት ይወጣል። ለምን እንደዚያ እንደምንለፋ ማንም አልነገረኝም። እኔ ግን መልሱን ዐውቀው ነበር፤ ዲሽ የሚሠራ ሰው ዲሹንና ቴሌቪዥኑን አንድ ላይ ማየት አለበት። ለጓደኞቼም እንዲሁ ብዬ አስረድቻለሁ።

«ሰሊሆም!» ይለኛል ከላይ ሆኖ። «ጥራት የሚለው መስመር እንዴት ነው?»

«ባዶ ነው!»

«ጥንካሬ የሚለውስ?»

«እሱ ሙሉ ነው!»

«እንግዲያው ኬብሉ ደህና ነው፤ ዲሹ ነው የዞረው። መስመሩ ሲጨምር ጩኺልኝ።»

ብሎኑን ያላላና ዲሹን በጣቱ ገፋ፣ መለስ ያደርገዋል። መስመሩ ከቀይ ወደ ቢጫ ይሄዳል፤ ከዚያ አረንጓዴ ሲሆን ግቢውን በጩኸት አናጋዋለሁ። ዜና አንባቢው ፊቱ ተሰብስቦ ይመጣል።

ሥራውን ሲጨርስ ውኃ ይጠጣል። ለእሱ ብቻ የተለየች ቀይ የላስቲክ ኩባያ ነበረችው፤ ቧንቧው አጠገብ ምስማር ላይ የምትሰቀል። እንዴት እቀና እንደነበር! በቤታችን የራሱ ኩባያ ያለው ሰው የለም፤ አባቴ እንኳ የለውም። አንድ ቀን በእሷ ልጠጣ ብዬ ሳነሣት እናቴ ከእጄ ነጠቀችኝ።

«የእንድሪያስ ናት፤ አትንኪ አላልኩሽም?»

እንዴት ያለ ክብር ነው! ሳድግ እንደ እሱ መሆን አማረኝ።

አሁን ገብቶኛል። ቴሌቪዥኑ የሚወጣው እሱ እንዳይገባ ነበር። ኩባያዋም ቧንቧው ጋ የምትሰቀለው ከእኛ ዕቃ ጋር እንዳትታጠብ ነበር። እናቴ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ይህን የምለው ግን ልከላከልላት አይደለም። ክፉ ያልሆኑ ሰዎች ናቸው ያንን ምስማር የመቱት።

መስቀል ካለፈ በኋላ የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሽ ታምሩ ከደጋ፣ ከጨንቻ በላይ ካለው መንደራቸው ወርዶ እኛ ዘንድ ሰነበተ። ጋሽ ታምሩ አማርኛው ላይ ሴትና ወንድ አይለይም፤ እኔን «ና አንተ ልጅ፣ ሪሞት ስጠኝ» ይለኛል፤ እሥቃለሁ። ከአባቴ ጋር የሚያወራው በጋሞኛ ነው። እኔ ደግሞ የከተማ ልጅ ነኝና ጋሞኛ የሚገባኝ በግማሽ ነው፤ ግማሹን ራሴ እሞላዋለሁ።

አንድ ቀን ሲግናል ጠፍቶ እንድሪያስ ጣሪያው ላይ እየሠራ ሳለ ጋሽ ታምሩ በመስኮት አንጋጦ አየውና ማን እንደሆነ አባቴን ጠየቀው። አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የእንድሪያስን እናት ስም ነገረው። ጋሽ ታምሩ ፊቱን አኮማተረ። ከዚያ በኋላ በወሬያቸው መሐል አንድ ቃል እየተመላለሰ ይሰማኝ ጀመር፤ ማና። ዲሹን በእጁ ያሳያል፣ ማና ይላል። ቴሌቪዥኑን ያሳያል፣ ማና ይላል።

«እማዬ፣ ማና ምንድን ነው?»

እናቴ ደነገጠች። «የዲሽ ነገር ነው። አፍሽን ያዢ!»

ገባኝ። ዲሹን የሚይዘው በሽታ ስሙ ማና ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነፋስ ተነሥቶ ሥዕሉ ሲበታተን ከሁሉ ቀድሜ «ማና ገባ!» እያልኩ እጮኻለሁ። አባቴ እናቴን ያያታል፤ እናቴ መሬት ታያለች። ያረመኝ ሰው ግን አልነበረም። አንድም ሰው!

ማና በእኛ አገር ሸክላ ሠሪዎቹ የሚጠሩበት ቃል ነው። ሌላው ሰው አፍ ውስጥ ሲገባ ስድብ ይሆናል። የእንድሪያስ እናት ሸክላ ሠሪ ነበረች፤ ድስቷን ሲቀላ ገበያ አውርዳ ትሸጣለች። እኛም ከእሷ ገዝተናል። እሷ በእጇ ባበጀችው ድስት የተሠራውን ወጥ ጣታችንን እየላስን እንበላለን፤ ልጇ ከንፈሩን ያሳረፈበትን ኩባያ ግን እንጸየፋለን። ይህን እስቲ የተማረ ሰው ያስረዳኝ።

ፀዳለ የአባቴ ታናሽ እህት ናት። የመምህራን ኮሌጅ ጨርሳ፣ ምደባ እስኪደርሳት እኛ ጋ ትኖር ነበር። ኅዳር ገብቶ ነፋሱ ጋብ ብሏል፤ ሲግናሉ ግን ከበፊቱ የበለጠ ይጠፋ ጀመር። አንድ ከሰዓት ከትምህርት ቤት ስመለስ ፀዳለ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ጎንበስ ብላ የኬብሉን ጫፍ ስታዞር አገኘኋት።

«ፀዱዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ላልቶ ነበር፤ እያጠበቅኩት ነው» አለች፤ ፊቷ በርበሬ መሰለ።

ወዲያው ሥዕሉ ድርግም አለ። ምስኪን፣ አትችልበትም ብዬ አዘንኩላት።

«እንድሪያስን ልጥራው?»

«እስቲ ጥሪው» አለችኝና ፀጉሯን ልታበጥር ወደ ጓዳ ገባች።

እሱ በመጣ ቁጥር መሰላሉን የምትይዝለት እሷ ነበረች። ብሎን ለማጥበቅ ያን ያህል ጊዜ እንደማይፈጅ ዛሬ ዐውቃለሁ።

ጥር መጣ። ብሔራዊ ቡድናችን ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ያለፈበት ጥር ነው። ሲቀላ ውስጥ ባንዲራ ያልታሰረበት ባጃጅ አልነበረም። የመጀመሪያው ጨዋታ ከዛምቢያ ጋር ሲሆን የዋለውም ጥምቀት ባለፈ ሰሞን ነው። ጋሽ ታምሩ ለጥምቀት ወርዶ ነበር። ከእንድሪያስ ጋር በአንድ ጸበል ተረጭቶ፣ አንዱን ታቦት ሸኝቶ፣ ለጨዋታው ቀረ። ጎረቤቱ ሁሉ እኛ ቤት ተሰበሰበ። አግዳሚው ሞላ፤ ሕፃናት ምንጣፉ ላይ ተደራረብን። ለዚያን ቀን ቴሌቪዥኑ ከቦታው አይነቃነቅም ተባለ።

ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው ነፋሱ ተነሣ። ቀጥሎ ከላይ ጓ የሚል ድምፅ መጣ፤ የማንጎው ቅርንጫፍ ተገንጥሎ ዲሹ ላይ ወደቀ። ሲግናል የለም! ቤቱ በአንድ አፍ ጮኸ። ማንም ሳይልከኝ በሩን በርግጄ ሮጥኩ።

እንድሪያስ ጫማውን ሊያስር በሩ ላይ ተቀምጧል። እናቱ አጠገቡ ሆና ለገበያ ያመጣቻቸውን ድስቶች በደረቅ የሙዝ ቅጠል ትጠቀልላለች።

«እንድሪያስ፣ ቶሎ ና! ማና ገብቷል!»

የእናቱ እጅ ቆመ። እንድሪያስ የጫማውን ክር ለቀቀ።

«ምን ገባ አልሽኝ?»

«ማና! ቴሌቪዥኑ ጠፋ፤ ጨዋታው ሊጀመር ነው!»

«ማነው እንደዚህ የሚለው?»

«ሁሉም» አልኩት። እውነቴን ነበር።

እናቱ በጋሞኛ አንድ ነገር አለችው፤ አትሂድ እንዳለችው ገባኝ። እሱ ቦርሳውን አንሥቶ መለሰላት። ከመልሱ የገባኝ «ቡድኑ የእኔም ነው» የሚለው ብቻ ነው። መንገድ ላይ እኔን ሳያይ ፊት ፊቴ ይራመድ ነበር። ለጨዋታው ተጨንቆ ነው ብዬ አሰብኩ።

ስለዚህች ቅጽበት ራሴን እንድወቅስ የሚጠብቅ ሰው ካለ ተሳስቷል። ልጅ ነበርኩ። የምናደደው ቃሉን አፌ ውስጥ አስቀምጠው ዝም ባሉት ሰዎች ነው።

እንድሪያስ መሰላሉ ላይ ወጥቶ ቅርንጫፉን አነሣ። ዲሹን በሁለት እጁ ይዞ ቀስ ብሎ ሲያዞረው አረንጓዴው ሜዳ ብቅ አለ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። እጁን ሲለቅ ሜዳው ጠፋ። ደግሞ ሲይዘው መጣ።

«አይቆምም!» አለ ከላይ። «ብረቱ ተጣሟል፣ የብሎኑ ጥርስም ተበልቷል። ሽቦ አምጡልኝና ልሰረው!»

ከመቀመጫው የተነሣ የለም።

«እንደያዝከው ቆይ! እንዳትነቃነቅ!» አለ አንድ ጎረቤት።

«ይያዘው!» አለ ጋሽ ታምሩ። «እጅ የለውም ወይ?»

ሰው ሣቀ። አባቴ ወደ መስኮቱ ዞር ሲል አይቼዋለሁ። ከዚያ ፊቱን ወደ ሜዳው መለሰ።

እንድሪያስም ያዘው። ክንዶቹን ዘርግቶ፣ ደረቱን ቆርቆሮው ላይ አስጠግቶ፣ ኳሷን ሳያይ ዲሹን ያዘው። ጨዋታውን የሚከታተለው በእኛ ጩኸት ነበር። ፔናልቲ አግኝተን ስንስት ቤቱ አቃሰተ።

«ምን ሆነ?» ብሎ ጠየቀ። ወጥቼ የነገርኩት እኔ ነኝ።

«ሳትነው!»

«ወይኔ!» አለ፤ ግንባሩን በክንዱ ሊመታ ሲል ዲሹ ትንሽ ዘነበለ። ከውስጥ ስድብ ወረደበት።

ለዕረፍት ሳይወጡ ጎል ገባብን። በዕረፍቱ ሁሉም ስለ አሠልጣኝ ይከራከራል። ጨልሟል። እንድሪያስ መሰላሉ ላይ እንደቆመ ጣቶቹን ያሻሻል።

«ሽቦ የት ነው ያለው?» አለች ፀዳለ ለአባቴ።

«አሁን ሽቦ የሚፈለግበት ሰዓት ነው? ሊጀመር እኮ ነው!»

ፀዳለ ትታው ወጣች። ወደ ጓሮ ሄዳ የዶሮ ቤቱን ሽቦ በባዶ እጇ እየጎተተች አወጣችው፤ መዳፏ ደማ። ተመልሳ ገባችና ቡፌውን ከፈተች። እናቴ ለእንግዳ ብቻ ከምታወጣቸው ባለ አበባ ብርጭቆዎች አንዱን አነሣች፤ ውኃ ሞላችው፤ ከሽቦው ጋር ይዛ ወጣች። እኔ መሰላሉን ያዝኩላት። ጨዋታው ተጀምሯልና እንድሪያስ እጆቹን ከዲሹ ሊያነሣ አልቻለም። እሷ ከእሱ አንድ ደረጃ ዝቅ ብላ ቆማ ብርጭቆውን ከንፈሩ ላይ ያዘችለት። ጠጣ። እኔ ያን ያህል ውኃ የጠማው ሰው አይቼ አላውቅም።

ያኔ ነው ጎል የገባው። አቻ ሆንን! ቤቱ ፈነዳ። ወንዱም ሴቱም እየጨፈረ፣ እየተቃቀፈ ግቢው ውስጥ ፈሰሰ፤ የበረንዳው መብራት በራ። አንገታቸውን ቀና አድርገው ፀዳለንና እንድሪያስን አዩአቸው። ጭፈራው እንደ ተቆረጠ ገመድ ወደቀ።

ጋሽ ታምሩ ፀዳለ እስክትወርድ ጠብቆ ብርጭቆውን ከእጇ ነጠቃትና ድንጋይ ላይ ፈጠፈጠው። እኔ ጠቡ ስለ ብርጭቆው መሰለኝ። የእንግዳ ዕቃ ሳታስፈቅድ በማውጣቷ ነው ብዬ «እማዬ፣ አንድ ብቻ እኮ ነው የወሰደችው» እያልኩ ቀሚሷን ጎተትኳት።

«በቃ፣ ውረድ» አለ አባቴ ወደ ላይ። ስሙን አልጠራውም።

«ልጨርሰው» አለ እንድሪያስ። ሽቦውን ዙሪያውን አስሮ፣ በፒንሳ ጠምዝዞ አጠበቀው። ዲሹን ነቅነቅ አድርጎ ሞከረው፤ አልተነቃነቀም። ወርዶ ቦርሳውን አነገተ። «ጋሽ ይፍሩ፣ ከእንግዲህ አይጠፋባችሁም» ብሎ ሄደ።

ፀዳለ መሐል ግቢ ላይ ቆመች። ድምፅዋ እንደዚያ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም።

«ይህን ሁሉ ሰዓት በሰውዬው ክንድ ኳስ ስታዩ አልተጸየፋችሁም! ውኃ ሲጠጣ ነው የሚያስጠላችሁ?»

መልስ አልጠበቀችም። በሩን ከፍታ ከኋላው ወጣች።

በማግስቱ የት ሄደች ብዬ ስጠይቅ «ምደባ ደርሷት ሩቅ አገር ሄደች» አለችኝ እናቴ። አመንኩ። ክረምት በመጣ ቁጥር መምህራን ለዕረፍት ይመለሳሉ ብዬ እጠብቃት ነበር። ስምንተኛ ክፍል ሆኜ፣ ከጓደኛዬ ጋር ወደ ላይኛው ከተማ፣ ሴቻ ስንሄድ፣ መንገድ ላይ አንዲት ሴት ስሜን ጠራች። ልጅ አዝላለች፤ ሌላ ልጅ በእጇ ይዛለች። ፀዳለ ናት። ተጠመጠምኩባት።

«መቼ መጣሽ?»

«ከየት?» አለችኝ ግራ ገብቷት።

ሁሉን ነገር የሰማሁት ያን ቀን ነው። የምታስተምረው ሴቻ ነው። እኔ ክረምትን ስጠብቅ፣ እሷ ከቤታችን በባጃጅ የጥቂት ደቂቃ መንገድ ላይ ነበረች። የአባቴ ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ማንም ሠርጓ ላይ እንዳይገኝ ወስኖ፣ ከእኛ ወገን አንድ ሰው ሳይቆምላት እንድሪያስን አገባች። ስትወልድ የጠየቃት የለም። አባቴ ገበያ ላይ ሲያያት መንገድ ይቀይራል። ያ ስለ እኩልነት ንግግር የሚያደርገው አባቴ!

ባለፈው ሐምሌ ከዩኒቨርሲቲ ተመረቅሁ። አባቴ ድንኳን አስተክሎ ሊደግስ ተነሣ። እኔም ፀዳለና ባሏ፣ ልጆቿም ካልመጡ፣ ሄዶ የሚጠራቸውም ራሱ ካልሆነ፣ ድግሱ ላይ አልገኝም አልኩት። ጋሽ ታምሩ ይህን ሰምቶ እንደማይመጣ ላከብን።

«አይምጣ» አልኩ።

አባቴ ሦስት ቀን አኩርፎ በአራተኛው ልብሱን ለበሰ። አብረን ወደ ሴቻ ወጣን። እንድሪያስ አልነበረም፤ አሁን በኩልፎ ወንዝ ዳር ላሉት የሙዝ እርሻዎች የውኃ ፓምፕ ይተክላልና ሥራ ላይ ነው። ፀዳለ የተማሪ ደብተር እያረመች በረንዳዋ ላይ አገኘናት። ብድግ ብላ እኔን ሳመችኝ። ለአባቴ ወንበር ሳበችለት።

«ያው፣ የልጅቷ የምርቃት ድግስ ቅዳሜ ነው» አለ አባቴ፤ ትናንት እንደተለያዩ ሁሉ። «ኑ፣ ሁላችሁም።»

«እንመጣለን» አለች። «እንድሪያስም፣ ልጆቼም እንመጣለን፤ ሰሊሆም ስለጠራችን። ለአንተ ግን ወንድሜ፣ ቁጣዬን ገና አልጨረስኩም።»

«እስካሁን?»

«እስካሁን። አንድ ቀን እንኳ መጥተህ አጥፍቻለሁ አላልከኝማ።»

አባቴ ጫማውን አየ፣ አጥሩን አየ። «እንግዲህ ቅዳሜ» አለና ተነሣ።

ባጃጅ ይዘን ቁልቁለቱን ስንጀምር አፉ ተከፈተ። «ይሄ አቀባበል ነው? በሽማግሌ ደንብ ቤቷ ድረስ ሄጄ? እኔ እኮ ያኔም ምንም አላልኩም። የተናገረው ታምሩ፣ የሰበረው ታምሩ...»

«አባዬ፣ ተው» አልኩት። «ሰውዬው ያን ሁሉ ሰዓት ለአንተ ቤት ቆሞ አንተ ያልከው አንድ ቃል ነው። ውረድ ነው ያልከው። እኔ መሰላሉን ይዤ እሰማህ ነበር። አሁንም እህትህ ምን እንደምትፈልግ በግልጽ ነገረችህ፤ አንተ ደግሞ ቅዳሜ ብለህ ተነሣህ!»

ሹፌሩ በመስታወቱ አየን። አባቴ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ሐይቁ ከታች ወለል ብሎ የሚታይበት መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ድንገት የሹፌሩን ትከሻ ነካ አደረገው።

«አቁም ልጄ።»

«የት ነው?» አልኩት።

«አጥፍቻለሁ አላልኳትም እኮ» አለ። ወረደ። ኮቱን አውልቆ ክንዱ ላይ ጣለና ዳገቱን በእግሩ ይወጣ ጀመር። ከዕድሜው አንጻር ፈጥኖ ነበር የሚራመደው፤ ዞር ብሎም አላየኝም።

ሹፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ ጥቂት ቆየ። «እናታችን፣ እንጠብቃቸው?» አለኝ።

«አይ፣ እንሂድ» አልኩት። «የሚሉት ብዙ ነው።»